ሰውን በሜትርና በሚዛን ያጠና ሊቅ

በየዓመቱ በዚህ መጽሔት የነገሥታትና የጦር አበጋዞች ታሪክ ሲጻፍ እናነባለን፤ መልካም ነው። እኔ ዘንድሮ የመረጥሁት ሰው ግን ጦር አልመራም፤ አገርም አላቀናም። መሣሪያው ሜትርና ሚዛን፣ እርሳስና ወረቀት ነበር። ስሙ ላምበር አዶልፍ ዣክ ኬትሌ ይባላል፤ ትውልዱ ከቤልጅየም ነው። በእኛ በወረታ ከተማ ስሙን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ሳያስቸግር አይቀርም። ሥራው ግን በመካከላችን ይኖራል፤ በጤና ጣቢያ ክብደቷንና ቁመቷን ተለክታ፣ ከሁለቱ የወጣ አንድ ቁጥር የተጻፈላት ልጃገረድ ሁሉ ሳታውቀው ከዚህ ሰው ጋር ተገናኝታለች። እኔም ልጃገረድ ስለ ሆንሁ፣ ያ ቁጥር ከወዴት እንደ መጣና ምን ያህል እንደሚታመን ለማወቅ ስፈልግ ነው የሰውየውን ታሪክ ያገኘሁት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ኬትሌ በ1796 ዓ.ም. በየካቲት ወር ጌንት በምትባል ከተማ ተወለደ። ያን ጊዜ ከተማይቱ በፈረንሳይ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ቤልጅየም የሚባል ራሱን የቻለ መንግሥትም ገና አልተመሠረተም። አባቱ የሞተበት በሰባት ዓመቱ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን በ17 ዓመቱ እንደ ፈጸመ ወዲያው ለእንጀራው ሲል አስተማሪ ሆነ። ከእኛ ክፍል ብዙዎቻችን በዚህ ዕድሜ ላይ ነን፤ አንዳንዶቹም ጓደኞቻችን ከትምህርት በኋላ ሊስትሮ እየሠሩ ወይም ሱቅ እየጠበቁ የቤት ኪራይ ይከፍላሉ። የዚህ የጌንት ልጅ ነገር ለእኛ እንግዳ አይሆንብንም።

በወጣትነቱ የወደደው ሒሳብን ብቻ አልነበረም፤ ሥዕል ይሥላል፣ ግጥም ይገጥማል፣ ከአንድ ጓደኛውም ጋር ሆኖ የሙዚቃ ቴያትር ደርሷል። ሆኖም ሒሳብ አሸነፈ። በ1817 በጌንት አዲስ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ ነበርና፣ በ1819 ኬትሌ በሒሳብ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ትምህርት ይህን ማዕርግ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። በዚያው ዓመት ወደ ብራስልስ ተጠርቶ ያስተምር ጀመር።

ብራስልስ ከገባ በኋላ አንድ ሐሳብ አላስቀምጥ አለው፤ ይኸውም በከተማይቱ የከዋክብት መመልከቻ ቤት እንዲሠራ ነው። መንግሥትን ደጋግሞ ጠየቀ። በመጨረሻም የሥራውን ጠባይ እንዲማር በ1823 ወደ ፓሪስ ላኩት። በዚያ አራጎና ቡቫር ከሚባሉ የከዋክብት ሊቃውንት ጋር ተዋወቀ፤ እነላፕላስ ያዳበሩትንም የዕድል ሒሳብ ቀሰመ። የሄደው ስለ ኮከብ ሊማር ነው፤ ይዞት የተመለሰው ግን ሰውን የሚያጠናበትን መንገድ ነው።

ነገሩን ላስረዳ። የአንድን ኮከብ ሥፍራ አሥር ጊዜ የለካ ሰው አሥር ጊዜም ያንኑ ቁጥር አያገኝም። አንዱ ከፍ ይላል፤ አንዱ ዝቅ ይላል። ቁጥሮቹ ግን እንደ ተበተነ ጤፍ በየአቅጣጫው አይሄዱም፤ ብዙዎቹ ከመካከለኛው አጠገብ ይከማቻሉ፣ ከመካከለኛው እየራቁ በሄዱ ቁጥርም እያነሱ ይሄዳሉ። ኬትሌ ይህን ሥርዓት በሰው ቁመት፣ በሰው ክብደት፣ በሰው ደረት ላይ ቢፈልገው አገኘው። ኋላም የ5738 የስኮትላንድ ወታደሮችን የደረት ልክ ከአንድ የሕክምና መጽሔት ወስዶ ሲደረድር፣ ቁጥሮቹ አንድን ደረት አንድ ሰው ሺህ ጊዜ እንደ ለካው ሆነው በመካከለኛው ዙሪያ ተሰበሰቡለት።

በ1830 የቤልጅየም ሕዝብ በሆላንድ ንጉሥ ላይ በተነሣ ጊዜ ኬትሌ በውጭ አገር ነበር። ሥራው ያላለቀው የከዋክብት ቤት የተዋጊዎች ምሽግ ሆነ። ሰላም ሲወርድ ተመልሶ ሥራውን አስፈጸመ፤ እስኪሞትም ድረስ አለቃው እርሱ ነበር። ስለ ከዋክብትና ስለ አየር ጠባይ የሠራው ብዙ ነው፤ እኔ ግን እርሱን አልፌ ወደ ፈለግሁት ነገር እሄዳለሁ።

እኛ ከጥንት ጀምሮ በሰው አካል ሌላውን ነገር እንለካለን። ሸማውን በክንድ፣ ገመዱን በስንዝር፣ ጥልፉን በጣት እንለካለን። ኬትሌ ነገሩን ገልብጦ አካሉን ራሱን ለካ። በእርግጥ እርሱ የመጀመሪያው አይደለም፤ ከእርሱ በፊት ሞንቤያር የሚባል ፈረንሳዊ ከ1759 እስከ 1777 የገዛ ልጁን ቁመት በየጊዜው እየለካ ጽፎ ነበር። ነገር ግን የአንድ ልጅ ታሪክ የአንድ ልጅ ነው። ኬትሌ በብራስልስ ገና የተወለዱ ሕፃናትን፣ በማሳደጊያ ቤት የሚኖሩ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች፣ የትምህርት ቤት ተማሪዎችንና ጎልማሶችን ለካ፤ ወንዱንና ሴቱንም ለየብቻ በሰንጠረዥ አስገባ። በእርሱ ሰንጠረዥ አዲስ የተወለደ ወንድ በአማካይ 3.20 ኪሎ፣ ሴቲቱ 2.91 ኪሎ ይመዝናሉ። ወንዱ በክብደት ይቀድምና፣ 12 ዓመት ገደማ ሲደርሱ ግን ሁለቱ ይተካከላሉ። ልጃገረዲቱ ለአቅመ ሔዋን ለመድረስ ስለምትቸኩል ነው። በ1870ዎቹ ቦዲች የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በቦስተን ከተማ እጅግ ብዙ ተማሪዎችን ለክቶ፣ በዚያ ዕድሜ ልጃገረዶች ለጥቂት ዓመታት ከወንዶች በቁመትም በክብደትም እንደሚበልጡ በግልጽ አሳየ።

በዚህ ዕድሜ አካል የሚጠይቀው ምግብ ብዙ ነው። በእኛ አገር ግን ልጃገረዲቱ ውኃ የምትቀዳበት፣ እንጨት የምትለቅምበትና ከአባትና ከወንድሞች ቀጥላ ወደ ገበታ የምትቀርብበት ዕድሜ ይኸው ነው።

ኬትሌ በ1835 ስለ ሰውና ስለ ችሎታው ዕድገት ያሳተመው መጽሐፍ ስሙን በአውሮፓ ሁሉ አስጠራው። በዚያ መጽሐፍ የራሱን ልኬት ብቻ አላኖረም፤ በ1833 በእንግሊዝ አገር በማንችስተርና በስቶክፖርት በፋብሪካ የሚሠሩና የማይሠሩ ልጆች ተለክተው የተገኘውንም አስገባ። ቪሌርሜ የሚባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ደግሞ ድህነት የሰውን ቁመት እንደሚያሳጥር በ1829 ጽፎ ነበር። እንግዲህ ሜትር ስለ አጥንት ብቻ አይናገርም ማለት ነው፤ ስለ ማዕድ፣ ስለ ሥራና ስለ ኪስም ይናገራል።

አሁን ወደ ቀመሩ ልምጣ። ሰው በቁመት፣ በጎንና በውፍረት እኩል ቢያድግ ኖሮ ክብደቱ ቁመቱ በራሱ ሁለት ጊዜ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ በጨመረ ነበር። ኬትሌ ግን እንዲህ ሆኖ አላገኘውም። ካደጉ ሰዎች መካከል ረጅሙንና አጭሩን ሲያስተያይ፣ ክብደታቸው የሚሄደው ቁመታቸው በራሱ አንድ ጊዜ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ነው። ይህን በ1832 አስታወቀ። ስለዚህ ክብደትን በኪሎ ወስደን፣ ቁመትን በሜትር በራሱ አባዝተን ብናካፍል፣ ረጅሙንም አጭሩንም በአንድ ሚዛን የሚያስተያይ ቁጥር እናገኛለን። ዛሬ ለአካለ መጠን በደረሱ ሰዎች ይህ ቁጥር ከ18.5 ሲያንስ ሰውየው ከስቷል ይባላል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የኬትሌ ሁለተኛው ቃል ግን እኔን የበለጠ ይገርመኛል። ቀመሩ ላደጉት እንጂ በማደግ ላይ ላሉት እንደዚያው እንደማይሠራ ራሱ አስቀድሞ ጽፏል። ሕፃኑ በመጀመሪያው ዓመት በአንድ መንገድ ይከብዳል፤ ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ፤ ለአካለ መጠን በሚደርስበት ጊዜ ደግሞ ክብደቱ እንደገና ይሮጣል ብሏል። ይህ የእኛው ዕድሜ ነው። ስለዚህ ለወጣት ልጃገረድ ቁጥሩን ካገኙ በኋላ ከዕድሜ እኩዮቿ ሰንጠረዥ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት ልጆች የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 አውጥቷል።

ምሳሌ ልስጥ። ቁመቷ 1.52 ሜትር፣ ክብደቷ 36 ኪሎ የሆነች ልጅ አለች እንበል። 1.52 በራሱ ሲባዛ 2.31 ይሆናል፤ 36 ለዚህ ሲካፈል 15.6 ገደማ ይወጣል። ልጅቱ 13 ዓመቷ እንደ ሆነ የመክሳት ድንበሩ 14.9 ነውና አልፋለች፤ ስጋት የለባትም። 15 ዓመቷ እንደ ሆነ ግን ድንበሩ 15.9 ነው፤ ወድቃለች። አንድ ቁመት፣ አንድ ክብደት፣ ሁለት ፍርድ! የሚለየው ዕድሜዋ ብቻ ነው። እንግዲህ ከእኛ የገጠር እናቶች ለብዙዎቹ የልጃቸው ልደት የሚታወሰው ርብ ወይም ጉማራ ሞልቶ ሜዳውን በዋጠበት ክረምት፣ ወይም በአንድ በዓል ማግሥት ነው። ነርሷ ዕድሜ ስትጠይቅ በግምት የሚነገራት ቁጥር ፍርዱን ሊገለብጠው ይችላል። ክረምቱንና በዓሉን አንሥታ ከእናቲቱ ጋር ወደ ኋላ መቁጠር፣ ከመለካቱ የማይተናነስ ሥራ ነው።

በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች ከመቶ 22 ያህሉ የከሱ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉት ድርሻ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ነገር ግን ለሁሉም የተሠራበት ድንበር ያው የአዋቂዎቹ 18.5 ነበር። ስለዚህ ከተቆጠሩት ልጃገረዶች ከፊሎቹ በእኩዮቻቸው ሰንጠረዥ ቢታዩ ኖሮ የከሱ ባልተባሉ ነበር። ይህን የምለው ችግሩን ለማቃለል አይደለም። እንዲያውም በሌላ በኩል ቀመሩ የሚሸሽገው ችግር አለ፤ ይኸውም መቀንጨር ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በምግብ እጥረት ቁመቷ የቀረ ልጅ፣ ክብደቷ ለአጭር ቁመቷ ስለሚበቃ በኬትሌ ቁጥር ደኅና ትመስላለች። ለዚህች ልጅ ቁመቷን ለብቻው ከዕድሜዋ ጋር ማስተያየት ግዴታ ነው። አካሏ ሳይጠና ያገባች እንደ ሆነ በወሊድ ጊዜ ምን እንደሚያገኛት እናቶቻችን ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ባለፈው ዓመት የጤና ክበባችን ልጃገረዶች ፈቃደኞች የሆኑትን ጓደኞቻችንን ለብቻችን በአንድ ክፍል ለካን። ሜትሩን በግድግዳ ላይ ለጠፍን፤ ጫማ አስወለቅን፤ ተረከዝና ጀርባ ግድግዳውን እንዲነካ አደረግን። ያስቸገረን ጸጉር ነው! ሹሩባው ከላይ የተከመረ እንደ ሆነ ሁለት ጣት ያህል ቁመት ይሰጣል፤ ለመለካት ብሎ ሹሩባ የሚፈታ ደግሞ የለም። መጽሐፍ አሣርፈን እስኪጫን ድረስ ወደ ታች ተጫንነው። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ለካን፤ የከዋክብት ሊቃውንት ወግ ነውና።

ከተለኩት መካከል ከገጠር መጥታ በከተማው ቤት የተከራየች አንዲት ጓደኛችን ነበረች። እንደ እርሷ ያሉት ሰኞ ከቤታቸው ስንቅ ይዘው ይመጣሉ፤ ሐሙስ ሲደርስ ስንቁ ያልቃል፤ ዓርብን በሻይ ያሳልፋሉ። ቁጥሯ ከእኩዮቿ ድንበር በታች ሆነ። ለማንም እንዳንነግር ለመነችን፤ እኛም አልነገርንም። ወደ ጤና ጣቢያ አብረናት ሄድን። ነርሷም እንደገና ለክታ ያንኑ አገኘች፤ ስለ ምግቧና ስለ ጤናዋ ጠይቃ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ሰጠቻት። ልጅቱ ወረቀቱን ለአባቷ አሳየች። አባቷ እስከዚያ ቀን ድረስ ድካሟን ስንፍና አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ከዚያ በኋላ ስንቁ ሁለት ጊዜ ይላክላት ጀመር፤ ረቡዕ ገበያ የሚመጣ ሰው ያደርስላታል፤ ሽሮ ብቻም ሳይሆን እንቁላልም አለበት። የፎገራ ገበሬ የላሟ ጎን ሲጎድል ከሩቅ ያያል፤ በከብቱ የታወቀ አገር ነውና ዓይኑ ለዚህ የሠለጠነ ነው። የልጁን ግን ቀሚስና ነጠላ ይሸፍናታል።

ሚዛን በሌለበት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ጄሊፍ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1966 በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ባሳተመው መጽሐፍ የክንድ ዙሪያን መለካት አስፋፋ። ግራ ክንድ ተንጠልጥሎ፣ ከትከሻ ጫፍና ከክርን መካከል እኩሌታው ላይ ሜትሩን ሳያጠብቁና ሳያላሉ ማዞር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ጥብጣብ በቦርሳቸው ይዘው ሲዞሩ ሁላችንም አይተናል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት ከ11.5 ሳንቲሜትር ማነስ ብርቱ አደጋ ነው። ለወጣት ልጃገረዶች ግን ዓለም ሁሉ የተስማማበት እንዲህ ያለ አንድ ድንበር አልተቆረጠም። ስለዚህ ጥብጣቡ ተጠርጣሪዋን ወደ ሚዛኑ ለመላክ ይበጃል እንጂ ለብቻው አይፈርድም። በእኔ አስተያየት ሚዛኑም ቢሆን ለብቻው አይፈርድም።

ቁጥር ሊዋሽ እንደሚችልም ኬትሌ ያውቅ ነበር። ወደ ውትድርና የሚጠሩትን 100000 የፈረንሳይ ወጣቶች ቁመት ሲመረምር፣ ከ1.57 ሜትር በታች የሆኑት ከሚጠበቀው ከ2000 በላይ በዝተው አገኛቸው። ከዚያ በላይ ካሉት እርከኖች ደግሞ ወደዚያ የሚጠጋ ሰው ጎድሏል። ከ1.57 ያነሰ ለውትድርና አይፈለግም ነበርና፣ እነዚያ ሰዎች በመለኪያው ሥር ጉልበታቸውን አጠፍ ማድረጋቸውን፣ ወይም የሚለካቸው ሰው ዓይኑን ጨፈን ማድረጉን ኬትሌ በብራስልስ ተቀምጦ ከሰንጠረዡ አነበበው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሣቅሁ።

ከዚህ በኋላ ዝናው ሰፋ። የእንግሊዝ ንግሥት ባል የሆነው ልዑል አልበርት በወጣትነቱ ተማሪው ነበር። በ1834 የለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር ሲመሠረት ከአነሣሾቹ አንዱ እርሱ ነው። በ1846 የቤልጅየምን ሕዝብ ቆጠራ መራ፤ በ1853 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ በብራስልስ ተሰበሰበ። የነርሶች እናት የምትባለው ፍሎሬንስ ናይቲንጌልም እጅግ ታከብረው ነበር።

የሚነቀፍበትም አለ። አማካዩን ሰው አብዝቶ ከመውደዱ የተነሣ፣ አማካዩን እንደ ፍጹም ምሳሌ፣ ከእርሱ የራቀውን እንደ ጉድለት አድርጎ ተመለከተ። የእርሱ አማካይ ደግሞ የቤልጅየም ሰው ነበር። በተራበ አገር ውስጥ አማካይዋ ልጅ ራሷ የተራበች ልትሆን እንደምትችል በዚህ አስተሳሰብ ውስጥ ብዙ ቦታ አልተሰጠውም።

በ1855 አንጎሉን ድንገተኛ ደዌ መታው። ነፍሱ ብትተርፍም የማስታወስ ኃይሉ ደከመ፤ በከዋክብት ቤቱ ሥራም ልጁ ኤርኔስት ይረዳው ነበር። እንዲያም ሆኖ መጻፉን አልተወም። በ1870 ስለ ሰው አካል ልኬት አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። የካቲት ወር 1874፣ 78 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በብራስልስ ዐረፈ፤ በ1880 ሐውልት ቆመለት።

ቀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ በሊቃውንት መጻሕፍት ውስጥ ተኝቶ ቆየ። በ1972 አንሰል ኪስ የተባለ አሜሪካዊ መምህር ከጓደኞቹ ጋር በአምስት አገሮች ከ7000 በላይ ሰዎችን መርምሮ፣ ከሌሎቹ ቀመሮች ይህ እንደሚሻል አሳየና ዛሬ በዓለም የሚጠራበትን አዲስ ስም አወጣለት፤ የኬትሌ ስም በዚህ ቀረ። ከተመረመሩት ከእነዚያ ሰዎች መካከል አንዲት ሴት አልነበረችም።